መሐመድ አሕመድ ማህጁብ፦ ከዳኝነት ወንበር እስከ ሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትርነት

በአውሮፓውያኑ ጥር 1 ቀን 1956 ካርቱም ቤተ መንግሥት ላይ የእንግሊዝና የግብፅ ባንዲራዎች ወርደው የነጻዪቱ ሱዳን ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። የሰቀሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢስማዒል አል አዝሃሪና የተቃዋሚዎች መሪ መሐመድ አሕመድ ማህጁብ። ገዥና ተቃዋሚ በአንድ ምሰሶ ሥር ጎን ለጎን የቆሙበት ቀን በዚህ ቀጣና እምብዛም አይገኝም።

ማህጁብ በ1908 በነጭ አባይ ዳር በምትገኘው አድ ዱዌይም ተወለዱ። ቀድሞ የተማሩት ምህንድስና ነበር። በኋላ ወደ ሕግ ዞረው በ1938 ተመረቁ፤ ዳኛ ሆኑ፤ ከዚያም ወንበሩን ለቀው ጠበቃ ሆኑ። በአረብኛ ግጥሞቻቸውም ስም አላቸው። ሁለት ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ካገለገሉ በኋላ፣ በሰኔ 1965 የኡማ ፓርቲን ወክለው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

የሕግ ሰውነታቸው ክፉኛ የተፈተነው ያኔ ነው። ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ የመንግሥት ወታደሮች በጁባና በዋው ሲቪሎችን ገደሉ፤ የደቡቡም ጦርነት ተባባሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ አንድ ተማሪ እስልምናን ዘልፏል በሚል ቁጣ ሲቀሰቀስ፣ ምክር ቤቱ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የኮሚዩኒስት ፓርቲውን አገደ፤ በምርጫ የገቡ አባላቱንም ከመቀመጫቸው አስነሣ። መንግሥቱን ይመሩ የነበሩት የቀድሞው ዳኛ ነበሩ።

ማህጁብ በ1966 አጋማሽ በራሳቸው ፓርቲ መከፈል ምክንያት ሥልጣናቸውን ለወጣቱ ሳዲቅ አል ማህዲ ለቀቁ። በዓመቱ መጨረሻ ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ፤ የሳዲቅ መንግሥት ግን ውሳኔውን አልተቀበለም። ዋና ዳኛው ባቢከር አወደላ በዚህ የተነሣ ሥራቸውን ለቀቁ።

ማህጁብ በ1967 ወደ ሥልጣን ሲመለሱ የፖለቲካ ሕይወታቸው ደማቅ ምዕራፍ ተከፈተ። አረቦች በስድስቱ ቀን ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ መሪዎቻቸው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ካርቱም ተሰበሰቡ። ጉባኤው ዛሬም የሚታወሰው ከእስራኤል ጋር ሰላም፣ ዕውቅናና ድርድር የለም በማለቱ ነው። በእኔ ግምት ግን ለማህጁብ ትልቁ ስኬት በገዛ ቤታቸው የሆነው ነው፦ በየመን ጦርነት በተቃራኒ ጎራ የቆሙትን የግብፁን ጋማል አብደል ናስርንና የሳዑዲውን ንጉሥ ፋይሰልን አገናኝተው አስማሙ። የግብፅ ጦርም ዓመቱ ሳያልቅ ከየመን ወጣ። ሁለቱን ባላንጣዎች ያስታረቁት ሰው የአገራቸውን ደቡብና ሰሜን ማስታረቅ አልሆነላቸውም።

ግንቦት 25 ቀን 1969 ኮሎኔል ጃፋር ኒሜሪ መንግሥታቸውን በመፈንቅለ መንግሥት ገለበጡ። መፈንቅሉን ያካሄዱት መኮንኖች በማህጁብ ቦታ ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጉት ወታደር አልነበረም፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ በመናቁ ሥራቸውን የለቀቁት ያው ባቢከር አወደላ ነበሩ።

ማህጁብ በ1974 በእንግሊዝኛ የጻፉትን ትዝታ ለንደን ውስጥ አሳተሙ። የመጽሐፉ ርዕስ ዴሞክራሲ ለፍርድ መቅረቡን የሚናገር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ፤ ኒሜሪ ያኔም በሥልጣን ላይ ነበሩ።