የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሕይወት

ተማሪዎች ሆይ፣ ከደሴ ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ ብትጓዙ ብርዳሙን የለጋምቦን ደጋ ተሻግራችሁ ከመካነ ሰላም ከተማ ትደርሳላችሁ። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማይቱ ወዲያ ደጋው እየተቈረሰ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ሜዳ ያልቅና ገደል፣ ዋሻና አምባ ይከተላል። ጋሥጫ የሚባለው ጥንታዊ ገዳም የሚገኘው በዚህ አገር ነው። የገዳሙ ሙሉ ስም ደብረ ባሕርይ ጋሥጫ ሲሆን በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስሙ እንዲታወስ ያደረገው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አባ ጊዮርጊስ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርብላችሁ ምንባብ የዚህን ሰው ሕይወት ይተርካል። ስታነቡት አንድ ጥያቄ በልባችሁ ያዙ፤ ይኸውም ሰው ለታላቅ ሥራ መጠራቱ የሚታወቀው በተፈጥሮ ችሎታው ነው ወይስ በእጁ ያለውን ትንሽ ሥራ በታማኝነት በመፈጸሙ ነው የሚል ነው።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ይነገራል። የትውልድ አገሩ ዛሬ ቦረና በሚባለው ምድር ሸግላ በተባለ ስፍራ ነው። በዚያ ዘመን ይህ አገር በሙሉ ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ የነገሥታቱ ድንኳን ዘወትር የሚተከልበት፣ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማትም የበዙበት ምድር ነበር። የአባቱ ስም ሕዝበ ጽዮን፣ የእናቱ ስም እምነ ጽዮን ነው። አባቱ በንጉሡ ሰፈር ከሚያገለግሉት ሊቃውንት ካህናት አንዱ እንደነበረ ገድሉ ይተርካል። እንግዲህ ሕፃኑ የተወለደው ከመጽሐፍና ከዜማ ቤት ነው። ከእንዲህ ያለ ቤት የተገኘ ልጅ ትምህርት ይቀለዋል ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወሰደው። ይህ ገዳም ከደሴ በስተ ሰሜን በሐይቅ ባሕር ላይ የሚገኝ ሲሆን በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ካስፋፉት ጀምሮ የታወቀ የትምህርት ማዕከል ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩትም በዚሁ ገዳም ነው። ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች በዚያ ንባብ፣ ዜማና የመጻሕፍት ትርጓሜ ይማሩ ነበር። ትንሹ ጊዮርጊስም ከእነርሱ መካከል ተቀመጠ። ሆኖም ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ አንድ ጊዜ ሰምተው የሚይዙትን እሱ ደጋግሞ ሰምቶ ይረሳዋል፤ ዛሬ ያጠናው ነገ ይጠፋበታል። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ጓደኞቹ ወደ ፊት ሲሄዱ እሱ ባለበት ቀረ።

በገዳም የሚኖር ሁሉ ሥራ አለው። ጊዮርጊስ በትምህርት ባይቀናውም ለገዳሙ መነኮሳት እህል እንዲፈጭ ተመደበ። የድንጋይ ወፍጮ አይታችሁ እንደሆነ ሥራው ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፈጪው በወፍጮው ላይ ጐንበስ ብሎ መጁን በሁለት እጁ ይይዝና ወደ ፊት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይስባል፤ እህሉ ልሞ ዱቄት እስኪሆን ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። ወገብ ይቈርጣል፣ መዳፍ ያቈስላል። በአገራችን ልማድ ወፍጮ መፍጨት ለሴቶችና ለአገልጋዮች የተተወ ሥራ ስለነበረ የካህን ልጅ ሆኖ ይህን መሥራት ከድካሙ ይልቅ ውርደቱ ይከብዳል። ጊዮርጊስ ግን 7 ዓመት ያህል ፈጨ። ሥራውን አልናቀም፣ ወደ ሌላም አላሳለፈም። መነኮሳቱ የሚበሉት እንጀራ በእሱ እጅ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያውቅ ነበርና።

በመካከሉ ነገሩን ያዩ የገዳሙ አለቃ ልጁ ለትምህርት አልሆነም ብለው ወደ አባቱ መለሱት። ተማሪዎች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ የአባቱን ሁኔታ አስቡ። ሕዝበ ጽዮን የተማረ ሰው ነው፤ ልጁም አንድ ነገር ሳይዝ ተመልሶ በደጁ ቆሟል። ሊያፍርበት ይችል ነበር፤ ወደ እርሻ ወይም ወደ ሌላ ሙያ ሊያሰማራውም ይችል ነበር። እሱ ግን ልጁን ለእግዚአብሔር የሰጠው ዐዋቂ ወይም አላዋቂ ብሎ መርጦ እንዳልሆነ፣ የሰጠውንም መልሶ እንደማይወስድ አስታውቆ ወደ ሐይቅ መልሶ ሰደደው። አባት ለገባው ቃል ኃላፊ ሆነ። ልጁም በበኩሉ ወደ ኋላ ሳይል ከመምህራኑና ከወፍጮው ዘንድ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ ጊዮርጊስ በጸሎት ተጋ። ቀን የተመደበለትን እህል ይፈጫል፤ ሌሊት በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም ሥዕል ፊት ቆሞ አእምሮውን እንድትከፍትለት እያለቀሰ ይለምናል። ገድሉ እንደሚተርከው እመቤታችን ተገልጣ አጽናናችው፤ የጥበብ ጽዋም አጠጣችው። ከዚያች ጊዜ ጀምሮ የተሰወረበት ተገለጠለት፣ የሰማውን ያዘ፣ የያዘውንም አራቀቀ። ምእመናን ይህን ነገር እንደ ታላቅ ተአምር ያከብሩታል። ስታነቡት ግን የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ጥበቡ የተሰጠው መጁን ጥሎ ለተቀመጠ ሰው አይደለም፤ የማይገባውን ትምህርት ሳይተው፣ የተናቀውን ሥራ ሳይጠላ ለቆየ ሰው ነው። እግዚአብሔር ሰውን ሲጠራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ሙሴ አንደበቱ ኰልታፋ መሆኑን እየገለጠ ይቅርብኝ ሲል በጎች ሲጠብቅ ነበረ የተጠራው፤ ሳሙኤልም በሕፃንነቱ በቤተ መቅደስ ሲያገለግል ነበረ ድምፁን የሰማው። ሁለቱም ጥሪው ሲደርሳቸው በሥራ ላይ ነበሩ።

ጊዮርጊስ በትምህርቱ ከበሰለ በኋላ ዝናው ከሐይቅ አልፎ ወደ ቤተ መንግሥት ደረሰ። በዚያ ጊዜ በዙፋን ላይ የነበረው ከ1374 እስከ 1406 ዓ.ም. ገደማ የነገሠው ዐፄ ዳዊት ነው። ጊዮርጊስ በንጉሡ ሰፈር መምህር ሆኖ የንጉሡን ልጆችና ካህናቱን አስተማረ። ንጉሡ ልጁን ሊድርለት እንዳሰበና እሱ ግን የምንኵስናን ሕይወት መርጦ ይህን ክብር እንዳልተቀበለ ይተረካል። ጋብቻው ቢፈጸም ኖሮ ርስት፣ ሹመትና ምቾት ባገኘ ነበር። ይሁንና ለምን ሥራ እንደተጠራ ስላወቀ መንገዱን በራሱ ውሳኔ ለየ።

ከድርሰቶቹ መካከል በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቁት መጽሐፈ ሰዓታትና አርጋኖን ናቸው። ከእሱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ከግብፅ የመጣ የሰዓታት ጸሎት ነበራት። አባ ጊዮርጊስ የዳዊትን መዝሙር፣ የመጻሕፍትን ንባብና አዲስ የምስጋና ድርሰት አስማምቶ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚስማማ ሰዓታት አዘጋጀ። ዛሬም በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ብትሄዱ ካህናቱ የሚያደርሱት ሰዓታት ከእሱ ሥራ የመነጨ ነው። አርጋኖን ደግሞ ለእመቤታችን የቀረበ ሰፊ ምስጋና ሲሆን ለሰባቱ የሳምንት ቀናት ተከፋፍሏል። እነዚህን የመሳሰሉ መጻሕፍት በዚያ ዘመን በቀላሉ አይጻፉም። ቆዳው ተፍቆ ብራና ይሆናል፣ ቀለሙ ተበጥብጦ ይዘጋጃል፣ መቃው ተቀርጾ ብዕር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊደሉ አንድ በአንድ የሚሰፍረው። በወፍጮ ላይ ትዕግሥት የተማረ እጅ ይህን አልከበደውም።

ዕውቀትን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ስላገኙት ዕውቀት ኃላፊነት መውሰድ ሌላ ነው። በዐፄ ዳዊት ዘመን ቢቱ የተባለ ሰው የሥላሴን ምሥጢር በሚመለከት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተለየ አሳብ ይዞ ተነሣ። አባ ጊዮርጊስ ዝም ቢል የሚነካው አልነበረም። እሱ ግን በንጉሡ ፊት ቀርቦ ተከራከረ፤ በክርክሩም ረታ። በቤተ መንግሥት አካባቢ በግልጥ የሚናገር ሰው ጠላት አያጣምና በኋላ ተከሶ እንደታሰረ ገድሉ ይናገራል። በእስር ሳለም ሆነ ከእስር ከተፈታ በኋላ የእምነቱን ትምህርት አልለወጠም። በዚያ ዘመን ከፍተኛ ክርክር ያስነሣ ሌላም ጉዳይ ነበር፤ ይኸውም ከእሑድ ጋር ቅዳሜ ሰንበት ሆና ትከበር ወይስ አትከበር የሚለው ነው። አባ ጊዮርጊስ ሁለቱም እንዲከበሩ ያስተምር ነበር። ይህ አሳብ በቤተ ክርስቲያን የጸናው እሱ ከሞተ በኋላ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። የዘራውን ሳያጭድ ያለፈ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ከሥራዎቹ ሁሉ በጥልቀቱ የሚደነቀው መጽሐፈ ምሥጢር ነው። ይህን መጽሐፍ የፈጸመው በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት በ1416 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ በ30 ክፍሎች የተከፈለ ሆኖ በበዓላት ቀን እንዲነበብ የተዘጋጀ ነው። በውስጡ የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የንስጥሮስንና የሌሎችንም ትምህርት እያነሣ በመጻሕፍት ማስረጃ ይመልስላቸዋል። የአመላለሱን ስልት ብትመረምሩ አስቀድሞ የባላንጣውን አሳብ ያቀርባል፤ ቀጥሎ ስሕተቱን ያሳያል፤ በመጨረሻም የራሱን ትምህርት ያጸናል። አከራካሪ ድርሰት ለመጻፍ የምትለማመዱ ተማሪዎች ይህ ሥርዓት እንግዳ አይሆንባችሁም።

አባ ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢርን ከፈጸመ አንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም. 60 ዓመት ገደማ ሲሆነው ዐረፈ። መታሰቢያው በየዓመቱ በዚሁ ቀን ይከበራል፤ ስሙም ከጋሥጫ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ይጠራል። እሱ ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላ በቤተ አምሐራ ብርቱ ጦርነት ሆነ። በ1524 ዓ.ም. ነገሥታቱ በወርቅ ያስጌጡት የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በእሳት ጠፋ። የአባ ጊዮርጊስ መጻሕፍት ግን በየገዳሙ ተገልብጠው ተበትነው ስለነበር አልጠፉም። የአርጋኖን ቅጂዎች ባሕር ተሻግረው በለንደንና በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ይገኛሉ። ወርቁ ጠፍቶ ቀለሙ ቀረ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ጌታችን በወንጌል ስለ መክሊት የተናገረውን ምሳሌ ታስታውሳላችሁ። አንድ መክሊት ብቻ የተሰጠው ባሪያ የተወቀሰው ጥቂት ስለተሰጠው አልነበረም፤ ጥቂቱን በመሬት ስለቀበረው ነው። ጊዮርጊስ በልጅነቱ ከጓደኞቹ ሁሉ ያነሰ የተሰጠው ይመስል ነበር። አእምሮዬ ደካማ ነው ብሎ ጥፋቱን በፈጣሪው ላይ ሊጥል ይችል ነበር፤ መምህሬ መለሰኝ ብሎም በሰው ሊያመካኝ ይችል ነበር። አንዱንም አላደረገም። የፈጨው ለመነኮሳቱ ምግብ ሆነ፣ የጸለየው ለአእምሮው ብርሃን ሆነ፣ የጻፈው ደግሞ ለ600 ዓመታት የሕዝብ ጸሎት ሆነ። ከእናንተም አንዱ በትምህርት ወደ ኋላ የቀረ፣ ሌላው በቤት ውስጥ የማይወደው ሥራ የተመደበለት ይኖር ይሆናል። የእግዚአብሔር ጥሪ ከሩቅ በነጐድጓድ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው በደጁ ያለውን ሳይሰማ ይቀራል። የጊዮርጊስ ጥሪ የጀመረው ከወፍጮው ነው።

አሁን መጽሐፋችሁን ዘግታችሁ ከዚህ ምንባብ የተረዳችሁትን በቃላችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ ተርኩ። ከዚያም በአካባቢያችሁ የተናቀ ሥራ በትጋት ሠርቶ ለብዙ ሰው የጠቀመ ሰው እንዳለ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ፣ የዚህን ሰው ሕይወት ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል በሦስት አንቀጽ ጻፉ።