ዣክ ሞኖ፦ ከባክቴሪያ ጠርሙስ እስከ ኩሬ ሞዴል

የውኃ ዕፅዋት ከኩሬ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የሚያስወግዱበትን ፍጥነት በኮምፒውተር የምናሰላ ተማሪዎች የዣክ ሞኖን ስም ደጋግመን እንጽፋለን፤ ሰውየውን ግን እምብዛም አናውቀውም።

ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1910 በፓሪስ ተወለደ። ሴሎ ተጫዋችና የመዘምራን መሪም ስለነበር ከሳይንስና ከሙዚቃ አንዱን ለመምረጥ አመንትቶ ነበር። የዶክትሬት ጥናቱን በ1941 በሶርቦን ያቀረበው ፓሪስ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ነው። የባክቴሪያ ዕድገት ስኳር ሲጨምር እንደሚፈጥን፣ ስኳሩ ሲበዛ ግን ፍጥነቱ ከአንድ ጣሪያ እንደማያልፍ በቀላል ቀመር አሳየ። የጣሪያውን ግማሽ ፍጥነት የሚያስገኘው የምግብ መጠን ዛሬ የግማሽ ሙሌት ቋሚ የምንለው ነው። ቀመሩ ከልኬት የተገኘ እንጂ ከሕዋስ ውስጣዊ አሠራር የተቀዳ አልነበረም፤ ይህን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን። እምቦጭን የመሰሉ ዕፅዋት ፎስፎረስን ለዕድገት ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሊያከማቹ ስለሚችሉ መምጠጥና ማደግ ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። ስለሆነም ስለ ጣና እምቦጭ ሞዴል የሚሠራ ተማሪ ቋሚውን ከሌላ አገር ኩሬ መገልበጡ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከባድ ስሕተት ነው።

በጦርነቱ ዘመን ሞኖ በኅቡዕ ከፈረንሳይ አርበኞች ጋር ይታገል ነበር፤ ምስጢራዊ ሰነዶችን በላቦራቶሪው አጠገብ በቆመ የቀጭኔ አፅም እግር ውስጥ ይሸሽግ እንደነበር ይነገራል። ሁለት ዓይነት ስኳር የቀረበላቸው ባክቴሪያዎች አንዱን ጨርሰው፣ ጥቂት ቆመው፣ ወደ ሌላው እንደሚያልፉ ያስተዋለውም በዚያው ጥናት ነው። የዚህ ምክንያት ፍለጋ በ1965 ከፍራንስዋ ዣኮብና ከአንድሬ ልዎፍ ጋር ለኖቤል ሽልማት አበቃው። ከ1971 ጀምሮ የፓስተር ኢንስቲትዩትን ሲመራ ቆይቶ በ1976 በካን ከተማ አረፈ።