ርኅራኄን በሥርዓት ያደራጀ አባት፦ ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 27 ቀን የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖልን መታሰቢያ ታከብራለች። ዕለቱ በሀገራችን አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል በዓል ጋር ስለሚገጥም የዚህ አባት ስም ሳይነሣ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በዚህ እትማችን ሕይወቱን፣ በተለይም በጦርነት፣ በወረርሽኝና በረኃብ ወደ ወደመች ምድር መንፈሳውያን ልጆቹን እንዴት እንደ ላከ ለማስታወስ ወደድን። ዘመናቱን የጻፍናቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቪንሴንት በ1581 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በዳክስ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ፑይ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የአባቱን ከብቶች ይጠብቅ ነበር። በ1600 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ ማዕርገ ክህነት ተቀበለ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ ክህነትን የተመኘው ከድህነት ለመውጣትና ቤተሰቡን ለመደገፍ ጭምር ነበር። የእግዚአብሔር ጸጋ ግን ቀስ በቀስ ልቡን ከራሱ ጥቅም ወደ ድሆች መለሰው።

በ1617 ዓ.ም. በሻቲዮን ቁምስና ቆሞስ ሆኖ ሳለ፣ አንድ እሑድ ለመሥዋዕተ ቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ ከመንደሩ ራቅ ባለ ቤት የሚኖር ቤተሰብ በሙሉ ታሞ ረዳት ማጣቱን ሰማ። በስብከቱም ጉዳዩን ለምእመናኑ አሳሰበ። ከሰዓት በኋላ ወደ በሽተኞቹ ሲሄድ መንገዱ ምግብ ይዘው በሚሄዱና አድርሰው በሚመለሱ ሴቶች ተሞልቶ አገኘው። ደስ አለው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አሳሰበው። በአንድ ቀን የመጣው ምግብ ከሚበላው በላይ ስለ ሆነ ይበላሻል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቤተሰቡ እንደ ቀድሞው ይራባል። ልግስናው ብዙ ነበር፤ የጎደለው ሥርዓት ነበር።

ስለዚህ ሴቶቹን ሰብስቦ በየተራ አንዷ በአንድ ቀን እንድታገለግል የሚያደርግ ማኅበር መሠረተ፤ ደንብም ጻፈላቸው። ደንቡ ምግቡ እንዴት እንደሚቀርብ እንኳ ይዘረዝራል። አገልጋይዋ አስታማሚ ካላቸው በሽተኞች ጀምራ፣ ማንም በሌላቸው እንድትጨርስ ያዝዛል፤ ይህም ከብቸኞቹ ዘንድ ረዘም ያለ ጊዜ እንድትቆይ ነው። በኋላም ቪንሴንት በ1625 ዓ.ም. ላዛሪስት በመባል የሚታወቀውን የካህናት ማኅበር፣ በ1633 ዓ.ም. ደግሞ ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር የምግባረ ሠናይ ልጆች የተባሉትን ደናግል ማኅበር መሠረተ።

የዚህ ሥርዓት ታላቁ ፈተና በሎሬን ምድር መጣ። ያች ግዛት ከ1618 እስከ 1648 ዓ.ም. በቆየው የሠላሳ ዓመት ጦርነት በተለያዩ ሠራዊት ተረግጣ፣ እርሻዋ ጠፍ ሆኖ፣ ሕዝቧ በረኃብና በወረርሽኝ ያልቅ ነበር። በ1639 ዓ.ም. ቪንሴንት ከማኅበሩ ካህናትና ወንድሞች መርጦ ወደ ቱል፣ ወደ ሜትስ፣ ወደ ቨርደን፣ ወደ ናንሲና ወደ ሌሎች ከተሞች ላከ። እርሱ ራሱ ፓሪስ ቀርቶ ከባለጸጎች ወይዛዝርት ምጽዋት ይሰበስብ ነበር። ልዑካኑም ለተራቡት ዳቦና ሾርባ ያድሉ፣ የታመሙትን ያስታምሙ፣ ንስሐ የሚገቡትን ያናዝዙ ነበር። የየከተማው ሹማምንት እርዳታው መድረሱን በደብዳቤ መስክረዋል።

ገንዘቡን ያደርስ የነበረው ማትዮ የሚባል ወንድም ነበር። ወንበዴና ወታደር በሞላበት መንገድ ወርቁን በአሮጌ ከረጢት ደብቆ፣ እንደ ለማኝ መስሎ፣ ከ50 ጊዜ በላይ ተመላለሰ፤ አንድ ጊዜም አልተዘረፈም። ይሁን እንጂ ሥራው ያለ መሥዋዕትነት አልተፈጸመም። በባር ለ ዱክ ከተማ ስደተኞችንና በሽተኞችን ሲያናዝዝ የነበረ አንድ ወጣት ካህን በ1640 ዓ.ም. ታሞ ሞተ። ድሆቹም አባታቸውን እንደሚቀብሩ ሆነው አስከሬኑን ሸኙት።

ከ1650 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ፒካርዲንና ሻምፓኝን ባጠፋ ጊዜም ቪንሴንት ልዑካኑን ላከ። የሚጽፉለትን ደብዳቤ እያሳተመ በፓሪስ በማሠራጨት፣ ሕዝቡ የሩቁን ወገን መከራ እንዲያውቅና እጁን እንዲዘረጋ አደረገ። እርዳታውም በዳቦ ብቻ አልቆመም፤ ለገበሬው ዘርና ማጭድ፣ ለሴቶቹ የሱፍ መፍተያ እንዲገዛ ያደርግ ነበር። መሥራት የሚችል ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ እንዲበላ እንጂ ምጽዋት ጠባቂ ሆኖ እንዲቀር አልፈለገም።

ቪንሴንት በ1660 ዓ.ም. በፓሪስ ዐረፈ፤ በ1737 ዓ.ም. ቅድስናው ታወጀ፤ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ የምግባረ ሠናይ ማኅበራት ሁሉ ጠባቂ አድርገው ሰየሙት። ልዑካኑ ወደ ሎሬን ከተላኩ ከ200 ዓመታት በኋላ፣ በ1839 ዓ.ም.፣ የዚሁ ማኅበር ልጅ የሆነው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ አድዋ ገባ። እኛ አቡነ ያዕቆብ ብለን የምናከብረው እርሱ ነው።

ውድ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ድርቅና ረኃብ ለሀገራችን እንግዳ አይደሉም። ወሬው በተሰማ ሰሞን ሁላችን እንሰጣለን፤ ወሩ ሲያልፍ ግን እንረሳለን። በቁምስናችን ከሚገኙ ችግረኞች መካከል ማን ማንን፣ በየትኛው ቀን እንደሚጎበኝ በወረቀት ብንጽፍ፣ የተሰበሰበውንና የተሰጠውን ብንመዘግብ፣ ጠያቂ የሌለውንም ሰው ለመጨረሻ አድርገን ከእርሱ ጋር ብንቆይ፣ በሻቲዮን የተጀመረውን ሥራ እንቀጥላለን። ለዚህም የቅዱሱ አማላጅነት ይርዳን። አሜን።