ሼኽ ኑር ሁሴን ዘባሌ

ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚባለው ስፍራ ከሮቤና ከጎባ ደጋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በባሌ ቆላ ይገኛል፤ የቀድሞ ስሙ አናጂና ነው። ሼኽ ኑር ሁሴን በዚሁ ተወልደው በዚሁ እንደ ተቀበሩ ትውፊት ያወሳል። የታሪክ ጸሐፍት ዘመናቸውን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ያደርጉታል። እስልምናን በባሌ አስተማሩ፤ በጸሎታቸው ድውይ እንደ ተፈወሰ፣ መካንም እንደ ወለደች ብዙ ይነገርላቸዋል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሐረሩ አሚር አብዱልሸኩር በመቃብራቸው ላይ ሕንፃ አሠሩ።

የአገሩ ኦሮሞ እስልምናን ሲቀበል፣ የቆየውን የጉዞና የስለት ልማድ ወደ ሼኹ ደጅ ይዞ እንደ መጣ አጥኚዎች ያስረዳሉ። ተሳላሚው ባላ በትር ይዞ ይጓዛል፤ ከስፍራውም አፈር ለመድኃኒትነት ይወስዳል።

በ1960ዎቹ ግን በሳዑዲ ዓረቢያ ተምረው የተመለሱ መምህራን ይህን ልማድ ከእምነቱ ውጭ ነው ብለው ነቀፉ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ትምህርቱ በሮቤ ወጣቶች ዘንድ ሲስፋፋ፣ አባት ለስለቱ ሲነሣ ልጅ የሚቃወምበት ቤት ታየ። ሃይማኖታቸው አንድ ሆኖ ሳለ አባትና ልጅ በአምልኮው ሥርዓት ተለያዩ።

ክርክሩን መዳኘት የሊቃውንቱ ፈንታ ነው። ለጤና ባለሙያ የሚያሳስበው፣ ቤተ ሰቡ ስለ ስለትና ስለ አፈር ሲከራከር በሽተኛው ሳይታከም የሚያልፈው ሰዓት ነው። ሽማግሌውን ሳናሳፍር፣ ወጣቱንም ሳናቃልል ሁለቱን ባንድነት ብናነጋግር፣ ስለቱ ጊዜውን ጠብቆ መድኃኒቱ በሰዓቱ እንዲወሰድ ልናስማማቸው እንችላለን። በፈውስ ስማቸው የሚነሣው ሼኽ ለሕሙማን የመዘግየት ምክንያት ሊሆኑ አይገባም።