በሽታ ከባቡር ያወረደው ዘፋኝ፦ የጂሚ ሮጀርስ ሕይወት

ለዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ የባቡር ፍሬን ያዥ ነው። የባቡር ሠራተኛ ታሪክ እዚህ ግድግዳ ላይ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። ታገሡንማ። ይህ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ከሥራው ባይወጣ ኖሮ ዘፋኝ መሆኑም ያጠራጥራል። አሜሪካኖች በገጠር ሙዚቃቸው አባትነት የሚያነሱት ጂሚ ሮጀርስ ማለት እሱ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጂሚ በ1897 መስከረም 8 ቀን በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ተወለደ። ሜሪዲያን የምትባለው የሚሲሲፒ ከተማ እንደ አገሩ ትቆጠራለች። አባቱ የባቡር ሐዲድ ጠጋኞች አለቃ ነበር። እናቱ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችና ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት፣ አንዳንዴም ከአባቱ ጋር በሐዲድ ዳር እየተንከራተተ አደገ። አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በአማተሮች የዘፈን ውድድር አሸነፈና ከተዘዋዋሪ መድኃኒት ሻጮች ጋር ጠፋ። በዚያን ጊዜ መድኃኒት ሻጮች ሕዝብ ለመሰብሰብ ዘፋኝና ቀልደኛ ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። አባቱ ፈልጎ አገኘውና ወይ ትምህርት ቤት ወይ ሐዲድ፣ አንዱን ምረጥ አለው። ልጁ ሐዲዱን መረጠ። እኛ ነገ ጠመኔ ለመያዝ የምንሠለጥን ሰዎች ይህን ስናነብ ትንሽ ቅር ብሎናል፤ ግን ታሪኩ እንዲህ ነው።

በሐዲድ ላይ የመጀመሪያ ሥራው ለሠራተኞች ውሃ ማመላለስ ነበር። ሐዲዱን የሚያነሡትና የሚጥሉት አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው። ከባድ ብረት በአንድ ትንፋሽ ለማንቀሳቀስ አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ይዘፍናሉ። የእኛም ገበሬ በደቦ ሲያጭድ የሚያደርገው ይኸንኑ አይደል? ጂሚ ጊታርና ባንጆ መነካካት የጀመረው፣ ብሉዝ የተባለውንም የጥቁሮች የሐዘን ዜማ ጆሮው ውስጥ ያስገባው እነሱ ዘንድ ነው። ነጭና ጥቁር በአንድ ወንበር መቀመጥ በተከለከለበት አገር ሙዚቃውን የተማረው ከጥቁር የቀን ሠራተኞች መሆኑን ልብ በሉልን።

ካደገ በኋላ ፍሬን ያዥ ሆነ። ፍሬን ያዥ ማለት ፉርጎዎቹን የሚያጋጥምና የሚያላቅቅ፣ ባቡሩ ሲጓዝ ፍሬኑን የሚጠብቅ ሠራተኛ ነው። ዝናብ ሲጥልም ውርጭ ሲሆንም ከቤት ውጪ ነው፣ የከሰሉም ጭስ አለበት። ሥራውም ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። በ1920 ካሪ ዊሊያምሰንን አገባ፤ ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ። ታናሺቱ በ1923 መጨረሻ፣ ልክ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ሞተች። አባት ከሩቅ አገር ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርና ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ የሙዚቃ መሣሪያውን አስይዞ ነው የመጣው ይባላል።

ዓመት ሳይሞላ፣ በ1924፣ ደም መትፋት ጀመረ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜው ሃያ ሰባት ነው።

እዚህ ላይ ስለ በሽታው ጥቂት እናንሣ። የነቀርሳን ጀርም ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ ያገኘው በ1882 ነው። ጠላቱ ታወቀ እንጂ የሚገድለው መሣሪያ አልነበረም። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተገኘው በ1943 ሲሆን፣ ጂሚ በታመመበት ጊዜ ሐኪም በአብዛኛው የሚያዝዘው ዕረፍት፣ ጥሩ ምግብና ንጹሕ አየር ነበር። ገንዘብ ያለው ሰናቶሪየም ገብቶ በረንዳ ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይተኛል። የሌለውስ? ጂሚ ጥቂት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቶ ትንሽ ሲሻለው ወጣ። ሚስትና ልጅ አሉበት።

እንግዲህ ሰውየው በበሽታው ማግስት ጊታሩን አንሥቶ ዘፋኝ ሆነ ብለን ብንጽፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብናል። እሱ የፈለገው ወደ ባቡሩ መመለስ ነበር። ወደ ሞቃቱ ፍሎሪዳ ሄዶ በፍሬን ያዥነት ሠራ። ደረቅ አየር ለሳንባ ይበጃል ስለተባለ እስከ አሪዞና በረሃ ድረስ ተጉዞ እዚያም ባቡር ላይ ተቀጠረ። ጉልበቱ ግን እምቢ አለ። ማታ ማታ በየመዝናኛው መዝፈኑ ሲበዛ፣ ቀን ቀን ፉርጎ ማጋጠሙ እየቀነሰ መጣ። በሌላ አነጋገር ሙዚቃው የተረፈው ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ ነው። ተቀምጦ ሊሠራው የሚችል ሥራ ይኸው አንዱ ብቻ ነበረና።

በ1927 መጀመሪያ ላይ አሽቪል ወደምትባል ተራራማ የሰሜን ካሮላይና ከተማ ሄደ። በዚያው ዓመት እዚያ አዲስ ሬዲዮ ጣቢያ ተከፍቶ ነበርና እየገባ ዘፈነ። ሦስት ወጣት ሙዚቀኞችም አግኝቶ ቡድን አቋቋመ። በዚያ በጋ ራልፍ ፒር የተባለ የቪክቶር ሸክላ ኩባንያ ሰው መቅረጫውን ጭኖ ብሪስቶል ወደምትባል ከተማ መጣ። ብሪስቶል ግማሿ ቴነሲ፣ ግማሿ ቨርጂኒያ ውስጥ ናት። የአገሬው ዘፋኝ ሁሉ ወደዚያው ጎረፈ፤ ጂሚና ጓደኞቹም ደረሱ። ታዲያ ከመቀረጹ በፊት በነበረው ምሽት ጠብ ተነሣ። በምን ቢሉ፣ ሸክላው ላይ የማን ስም ይጻፍ በሚል! ልጆቹ ለብቻቸው ተቀረጹ። ጂሚም ነሐሴ 4 ቀን 1927 ጊታሩን ብቻ ይዞ ገባና ሁለት ዘፈን አስቀረጸ፤ አንዱ ስለ ወታደር ፍቅረኛ፣ ሌላው እሹሩሩ ነው። የተከፈለው 100 ዶላር ነበር።

ስለ መቅረጫው አንድ ነገር እንጨምር፤ ለፊዚክስ ተማሪዎቻችን ይጥማቸዋል። ከ1925 በፊት ዘፋኝ የሚቀረጸው በትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ ውስጥ እየጮኸ ነበር። ድምፁ ራሱ ነው መርፌውን የሚገፋው። ከዚያ በኋላ ማይክሮፎንና የኤሌክትሪክ ማጉያ መጣ፤ ለስለስ ያለ ድምፅም ሸክላ ላይ መግባት ቻለ። በእኛ ግምት ይህ ለጂሚ ዕድል ሆኖለታል። ሳንባው የታመመ ሰው በጡሩምባው ዘመን ምን ያህል ይዘልቅ ነበር?

የመጀመሪያው ሸክላ እንዲያው መጠነኛ ገበያ አገኘ። ጂሚ ግን ጥሪ እስኪመጣለት አልጠበቀም። ራሱ ኒውዮርክ ድረስ ሄዶ ፒርን በስልክ ጠራውና መጥቻለሁ፣ ለመቀረጽ ዝግጁ ነኝ አለው። ድፍረት ነው መቼስ! ኅዳር 30 ቀን 1927 ካምደን በምትባል የኒው ጀርሲ ከተማ እንደገና ተቀረጸ። ከዚያን ቀን ዘፈኖች አንዱ ብሉ ዮዴል የሚባለው ነው። ሸክላው በመቶ ሺህዎች ተሸጠ፤ የፍሬን ያዡም ስም በአገሩ ሁሉ ናኘ።

ዮዴል ድምፅን ከደረት ወደ ራስ ድንገት እየሰበሩ መወርወር ነው። የአልፕስ ተራራ እረኞች ከጋራ ጋራ የሚጠራሩበት ስልት እንደሆነ ይታወቃል። ጂሚ ይህን ከጥቁሮቹ ብሉዝ ጋር አዋሐደው። ግጥሙን ጨርሶ ድምፁን ሲሰብረው፣ የሩቅ ባቡር ፊሽካ እንጂ የሰው ጉሮሮ አይመስልም።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሳት ብናልፍ ደስ የማይለን አንዲት ሴት አለች። ጂሚ ኖታ ማንበብ አይችልም ነበር። ፒር ደግሞ አዳዲስ ዘፈን ነው የሚፈልገው፤ የድርሰት መብት የሚገኘው ከአዲስ ዘፈን ስለሆነ። የሚስቱ እኅት ኤልሲ ማክዊሊያምስ ኖታ ታውቃለች፣ ፒያኖም ትመታለች። ብዙዎቹን ዘፈኖች ከእሱ ጋር ሆና የደረሰችው እሷ ናት። ወረቀቱን ማንበብ ስለማይችል አጠገቡ ተቀምጣ እየተጫወተች በጆሮው ታስጠናዋለች። ከአንዳንዶቹም ላይ ስሟ ሳይጻፍ ቀረ። አስተማሪ ብለን ብንጠራት አንሳሳትም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት እንለፋቸው። ዝና፣ የድንኳን ትርኢት፣ መኪና። በ1929 ዘፋኙ ፍሬን ያዥ በሚል ርእስ አጭር የድምፅ ፊልም ተሠራለት። በ1930 ሐምሌ ሆሊውድ ውስጥ ከታላቁ ጥቁር መለከተኛ ሉዊ አርምስትሮንግ ጋር ተቀረጸ፤ ፒያኖውን የመታችው የአርምስትሮንግ ሚስት ሊል ሃርዲን ናት። በዚያ ዘመን ነጭ የገጠር ዘፋኝ ከጥቁሮች ጋር አብሮ ሸክላ መሥራቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1931 ደግሞ ከቀልደኛው ዊል ሮጀርስ ጋር (ስማቸው ቢመሳሰልም ዘመዳሞች አይደሉም) ድርቅ ለመታቸው ሰዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ዞረ።

በሽታው ግን አልለቀቀውም። በ1929 ኬርቪል በምትባል የቴክሳስ ከተማ ትልቅ ቤት ሠራ። ከተማዋን የመረጠው አየሯ ለሳንባ ሕመምተኞች ተስማሚ ነው ስለሚባል ነበር። የተመቸ ቤትም ሆነ ጥሩ አየር አገኘ፤ ያጣው ዕረፍቱን ነው። የሕክምናው ወጪ ከባድ ነው፣ እጁም አይዝም። ያ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና የሸክላ ገበያውን ጣለው። ቤቱን ለቅቆ ሳን አንቶኒዮ ወደሚገኝ አነስተኛ ቤት ገባ። በ1931 ጥር በዚያችው ከተማ ስለ ገዛ በሽታው የሚናገር ዘፈን አስቀረጸ። ሰው ነቀርሳ ያዘው እንዳይባል በሚደብቅበት ጊዜ፣ እሱ ስሙን ጠርቶ፣ እንደማያሸንፈውም እያወቀ ዘፈነው።

ስለዚህ ነገር በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን ሰውየው ራሱን ገደለ ብለናል፤ ሐኪሞቹ ተኛ ሲሉት በየድንኳኑ እየዘፈነ። ሌሎቻችን ደግሞ ቢተኛ ማን ያበላዋል ስንል ተከራከርን። ከጤና ትምህርት ክፍል የመጣ አንድ ጓደኛችን ያነሣው ነጥብ ግን ሁላችንንም ዝም አሰኝቶናል። ነቀርሳ በትንፋሽ ይተላለፋል። መድኃኒት ያልወሰደ ሕመምተኛ በታፈነ ድንኳን ውስጥ ሲዘፍንና ሲስል ከፊቱ የተቀመጡት ሰዎችስ? ለዚህ መልስ የለንም። ሰውየውን ብንወደውም ጥያቄውን መሰረዝ አልቻልንም።

በ1933 ግንቦት ጂሚ ለመጨረሻ ጊዜ ኒውዮርክ ሄደ። ለቤተሰቡ ጥቂት ገንዘብ ለማስቀረት የሚችለውን ያህል ዘፈን ሊቀርጽ ነው። ነርስ አብራው ነበረች። ድካሙ ስለበዛ በመቅረጫው ክፍል አጠገብ የሚታጠፍ አልጋ ተዘረጋለት። አንድ ዘፈን ይዘፍናል፣ ይተኛል፣ ይነሣና ሌላ ይዘፍናል። አንድ ሸክላ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ያቺን ሦስት ደቂቃ ሳይስል ለመጨረስ ምን ያህል እንደታገለ እናስበው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአሥር በላይ ዘፈኖች ጨረሰ። የመጨረሻዎቹ ግንቦት 24 ተቀረጹ። በማግሥቱ ኮኒ አይላንድ ወደሚባለው የባሕር ዳር መዝናኛ ሄዶ ሲንሸራሸር ዋለ። ሌሊቱን ደም ፈሰሰውና ግንቦት 26 ቀን 1933 ታፍት በሚባል ሆቴል ውስጥ ሞተ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑን ወደ ሜሪዲያን የወሰደው ባቡር ነው።

ያስቀረጻቸው ዘፈኖች ከመቶ ይበልጣሉ፤ ሁሉም በስድስት ዓመት ውስጥ። በ1961 የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ሲቋቋም መጀመሪያ ከገቡት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ሆነ።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጉዳይ ነው ትሉ ይሆናል። ሸክላዎቹ ግን ወደ እኛም አካባቢ ብቅ ብለዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የሚኖሩት የኪፕሲጊስ ሕዝቦች ከእንግሊዞች ግራሞፎን ላይ የጂሚን ድምፅ ሰሙ። ይህን ድምፅ የሚያወጣ ፍጡር ግማሹ ሰው፣ ግማሹ አጋዘን መሆን አለበት ብለው አሰቡ፤ ስሙንም በአፋቸው አዙረው ቼሚሮቻ አሉት። በ1950 ሂው ትሬሲ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ መቅረጫውን ይዞ ወደዚያ ሲሄድ፣ ወጣት ሴቶች ልጆች ስለ ቼሚሮቻ እየዘፈኑ አገኛቸው። የሚያጅባቸው መሣሪያ ከክራራችን ጋር አንድ ዘር ነው። ጂሚ ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ልጃገረዶቹ ግን መጥቶ አብሯቸው እንዲጨፍር ይጠሩት ነበር።