አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ

ከሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እርሱንና መሰሎቹን አብያተ ክርስቲያናት እንላቸዋለን። በግእዝ ሕግ አንዴ የበዛውን ቃል አብያተ ክርስቲያናቶች እያልን ዳግመኛ የምናበዛ እኛ ተማሪዎች የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ሕይወት ብናውቅ እናፍር ነበር።

እኒህ የሸዋ ተወላጅ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በአደራ ተቀብለው በኢየሩሳሌም፣ ኋላም በድሬ ዳዋ ሲደክሙበት ኖሩ። በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ መጽሐፉ ገና አልታተመም ነበር፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት።

የሦስት ሊቃውንት ዕድሜ ያለቀበትን መጽሐፍ ገልጠን አንድ ቃል ብናርም ምን ይጎድልብናል?