ቤንጃሚን ፍራንክሊን፤ የእውቀቱን ፍሬ ለሁሉ ያካፈለ ሰው

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ለመሰናበት ተዘጋጅተናል። ስለዚህ በትንሽ ትምህርት ተነሥቶ ለአገሩ ብዙ የሠራ የአንድ ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1706 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሳሙናና ሻማ እየሠራ ብዙ ልጆች ያሳድግ ስለ ነበረ ቤንጃሚን ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ12 ዓመቱ በታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሙያ ተማረ፤ ከምግቡም ገንዘብ እየቆጠበ መጻሕፍት ይገዛ ነበር። ነገር ግን ወንድሙ ይመታው ስለ ነበረ በ17 ዓመቱ ጠፍቶ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ።

በ1727 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ወጣት የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ማኅበር አቋቋመ። ዓርብ ማታ እየተገናኙ ለራሳቸውና ለከተማቸው በሚጠቅም ነገር ይነጋገሩ ነበር። መጻሕፍት ውድ ስለ ነበሩ በ1731 ዓ.ም. 50 ሰዎች እያንዳንዳቸው 40 ሽልንግ አዋጥተው የጋራ ቤተ መጻሕፍት እንዲከፍቱ አደረገ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑ በዚህ ታየ። በ1736 ዓ.ም. ደግሞ የእሳት አጥፊዎች ማኅበር አቋቋመ፤ አባሎቹም ከቆዳ የተሠሩ ባልዲዎች በየቤታቸው አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። በኋላም ሆስፒታልና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ትምህርት ቤት እንዲቋቋሙ ደከመ።

በዚያ ዘመን መብረቅ ብዙ ቤቶችን ያቃጥል ነበር። ፍራንክሊን መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን መርምሮ ከተረዳ በኋላ፣ ከጣራ በላይ የሚቆም የብረት ዘንግ በሽቦ ከመሬት ጋር እንዲያያዝ አሳየ። መብረቁም ቤቱን ሳይጎዳ በሽቦው ወርዶ መሬት ይገባል። አገረ ገዢው አዲሱን የቤት ማሞቂያ ምድጃውን እርሱ ብቻ እንዲሸጥ መብት ሊሰጠው ቢወድ አልተቀበለም፤ ከቀደሙት ሰዎች ፈጠራ በነጻ እንደ ተጠቀመ ሁሉ የእርሱንም ሌሎች በነጻ እንዲጠቀሙበት ፈልጎ ነው።

ነውሩን ግን አንሸሽግም። ፍራንክሊን ለብዙ ዘመን ባሪያዎች ነበሩት፤ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። በሽምግልናው ጊዜ ስሕተቱን ተረድቶ በ1787 ዓ.ም. የፀረ ባርነት ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። በ1790 ዓ.ም. ባርነት እንዲቀር ለአገሩ ምክር ቤት የቀረበውን ልመና ፈረመ። ምክር ቤቱ ልመናውን ባይፈጽምለትም ሳይናገር አልሞተም።

በዚያው ዓመት በ84 ዕድሜው ሲሞት ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ 1,000 1,000 ፓውንድ ተናዘዘ። ገንዘቡም ሙያ ለተማሩ ወጣቶች እየተበደረ ለ200 ዓመት እንዲቆይ አዘዘ። ከዚሁ ገንዘብ በከፊል በ1908 ዓ.ም. በቦስተን የሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

እንግዲህ እኛ ከፍራንክሊን ይልቅ ብዙ ዓመት ተምረናል። እርሱ ሥራውን የጀመረው ሹመትና ሀብት ጠብቆ ሳይሆን ጥቂት ጓደኞቹን ሰብስቦ ነው። እኛም ነገ በየሰፈራችን ስንበተን መጽሐፍ የሌለውን ልጅና ውሃ የሌለውን መንደር እናገኛለን። ያን ጊዜ የተማርነው ለማን እንደ ሆነ ይታያል።